አበልጅ አይካሰስም

አበልጅ አይካሰስም ይላሉ። ይህን አባባል ያወጣው ሰው፣ ሊከሰስ ደጃፍ ላይ የደረሰ ሰው መሆን አለበት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። እዚሁ ሱሉልታ፣ ጠዋት ሕፃናት በሚማሩበት ክፍል፣ ከሥራ መልስ ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለኝ ተቀምጬ። ሙያዬ ግንበኝነት ነው። አጻጻፌ ሻካራ ከሆነ ሻካራ ነው፤ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ሲጠይቅ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ነገሩ ስለ አንድ ምንጭና ስለ እህቴ ልጅ ክርስትና ነው።

ምንጩ ከእህቴ ቤት ጀርባ ቁልቁል ሲወረድ ይገኛል። ከድንጋይ ሥር ይወጣል፤ በጋ ክረምት ሳይል ይፈሳል። ሱሉልታን የማያውቅ ሰው ቧንቧ የላችሁም ወይ ሊል ይችላል። አለን። ቧንቧው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያኮርፍ ሰንብቶ ይመለሳል። ከእግራችን ሥር ያለው ውሃ በቦቴ ተጭኖ እንጦጦን ሲሻገር እያየን፣ የኛ ቧንቧ ሲከፈት አየር ይተነፍስብናል። ስለዚህ የሰፈሩ ሴት፣ ነባሯም ተከራይዋም፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ከዚያ ምንጭ ነበር የምትቀዳው።

ወደ ምንጩ የሚወስደው ቀጭን መንገድ የሚያልፈው ድሮ የእህቴ አማት ከብት ያሰማሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ሽማግሌው መሬቱን ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ሲለቁለት፣ በሽማግሌዎች ፊት በትራቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው፣ «ካራን ኩን ካን ኮ ሚቲ፣ ካን ኬስ ሚቲ» አሉ። ይህ መንገድ የኔም አይደለም፣ ያንተም አይደለም ማለት ነው። ለሰውዬው ተተረጎመለት። «እሺ አባቴ» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ሽማግሌው ግን እስኪሞቱ ድረስ ለሁላችንም ሲደግሙት ኖረዋል።

ሰውዬውን ብታዩት ክፉ አይመስልም። ይህን ማለት አለብኝ፤ ክፉ ሰው ሁሉ ቀንድ ያለው የሚመስላቸው አሉ። ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ጾም አይገድፍም፣ ሰንበት ሲሆን ነጭ ለብሶ ከፊት ይቆማል። ለቤተ ክርስቲያናችን ምንጣፍ ያነጠፈው እሱ ነው። ድምፅ ማጉያውንም የገዛው እሱ ነው። እንግዲህ እያንዳንዷ ቅዳሴ በእሱ ድምፅ ማጉያ ነው የምትሰማን።

አንድ ቀን ጠራኝና ግቢውን በግንብ ላጥር ነው አለኝ። ኖራ በትኖ መስመሩን አሳየኝ። ነጩ መስመር መንገዱን ቆርጦ ያልፋል።

«መንገዱስ?» አልኩት።

«መንገዱን እኔ አስብበታለሁ። አንተ ግንቡን አስብ።»

መለኪያ ገመዴን ጠቅልዬ ወጣሁ። ለነገሩ ግንበኛ አይጠፋም።

በዚያው ሰሞን እህቴ ወለደች። ብዙ ዘመን መካን ናት ስትባል የኖረች ሴት ናት፤ ስለቷን ሁሉ ጨርሳ፣ እሷም እኛም ተስፋ ቆርጠን ሳለ ወንድ ልጅ ታቀፈች። አራስ ልጠይቅ ስገባ ባሏ እየሳቀ ተቀበለኝ።

«የክርስትና አባቱን አግኝቻለሁ።»

«ማንን?»

በአገጩ ወደ ጓሮ ጠቆመኝ።

«አብደሃል?»

«ለምን አብዳለሁ? አበልጅ ሲሆን ያፍራል። አበልጁን ውሃ የከለከለ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«እስካሁን አላየሁም። ልታሳየኝ ነው መሰለኝ።»

እህቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ተው። እኔ ልጅ ስወልድ አንተ ነገር አትውለድ» አለችኝ። አራስ አይከራከሯትም።

ባሏ ሞኝ አልነበረም፤ የሠራው አገሩ ያስተማረውን ነው። እኛ ዘንድ አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና ይከብዳል። የአበልጆች ልጆች አይጋቡም። አበልጆች ከተጣሉ ቄስ ገብቶ ሳያስታርቃቸው አይታደርም። ድሀ ጉልበተኛውን የሚያስርበት ገመድ አጥቶ ነው መሰል፣ አባቶቻችን የሚፈሩትን ሰው ክርስትና ያስነሡት ነበር። ወሰን የሚገፋውን፣ ዳኛውን፣ የጎበዝ አለቃውን። ልጃቸውን አቅፎ በእግዚአብሔር ፊት ከቆመ በኋላ እጁ ያጥርልናል ብለው። ግን ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። ይህን ማንም አልነገረንም።

አርባ ቀኑ የሞላ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑም ቧንቧ ደርቆ ነበር። እህቴ ገና አራስ ናት፤ ውሃውን ማን ያምጣ ሲባል ጎረቤቷ ተነሣች። ይህች ጎረቤት ከአዲስ አበባ ኪራይ አባሯት የመጣች፣ የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ ሙስሊም ሴት ናት። በማለዳ ኖራውን ተሻግራ ወረደች፣ ቢጫ ጀሪካኗን ሞልታ አዝላ ያንን ዳገት ወጣች፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አምጥታ ለዲያቆኑ አቀበለችው።

«ለልጃችን ነው። ጀሪካኑን በአመድ አጥቤዋለሁ» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ልብሶቿ ተመለሰች። ልጃችን ነው ያለችው።

ክርስትና ቤቱ ውስጥ ሰውዬው ልጁን አቅፎ ወደ ምዕራብ ዞረ። ሥርዓቱ ነው፤ ሕፃን አፍ ስለሌለው የክርስትና አባቱ በእሱ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ምዕራቡ ቁልቁለቱ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ የእሱ ግቢ ነው። «እክህደከ ሰይጣን» አለ። ድምፁ ያምራል፣ ክፉ ላወራበት አልችልም። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አመነ። ቄሳችን አባ ልጁን ሦስት ጊዜ ውሃው ውስጥ ሲነክሩት ልጁ ጮኸ፤ ሜሮን ተቀባ፣ ማተቡ ታሰረለት። እህቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እኔ የማየው ውሃውን ነበር። ያ ውሃ በማን ጀርባ እንደመጣ አውቃለሁ።

ሰውዬው ለአበልጆቹ ሙክት ይዞ መጣ፤ ለልጁም ጥልፍ ያለው ነጭ ልብስ። እስክስታ እንኳ ወረደ። የእህቴ ባል በክርኑ ጎሰመኝ። «አየህ?» አለኝ። እውነትም ለግንቡ የተከመረው ድንጋይ ክረምቱን በሙሉ ሳይነካ ከረመ። ኖራው በዝናብ ታጠበ። እኔም ተሳስቼ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰቤ ዛሬም ያናድደኛል።

መስቀል እንዳለፈ ግንቡ ቆመ። መንገዱ ላይ የብረት በር ተገጠመ። በሩ ላይ ዘበኛ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልብስ አጣቢዋ ጎረቤት ጀሪካኗን ይዛ ስትደርስ፣ «የግል ቦታ ነው፣ እትዬ» አላት ዘበኛው።

«ትናንት የማን ነበር?»

«ትናንት እኔ አልተቀጠርኩም።»

ሴቶቹ ከኋላዋ ተከማቹ። አንዷ ትሳደባለች፣ አንዷ ትለማመጣለች። በዚህ መሃል እህቴ ልጇን አዝላ ደረሰች። ዘበኛው ብድግ አለና በሩን ከፈተላት።

«አንቺ ግቢ። አበልጃቸው ነሽ ተብያለሁ።»

እህቴ በዚያ በር ላይ ቆማ ምን እንደተሰማት ነግራኛለች። ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ ነው ያለችኝ። ገብታ ቀዳች፤ ወጥታ ለጎረቤቷ ግማሹን ገለበጠችላት። ዘበኛው አይቶ ለሰውዬው ተናገረ። በማግሥቱ ትእዛዙ ተሻሻለ፤ ለራስሽ ብቻ፣ ለሌላ አታስተላልፊ። ያኔ ነው ጎረቤቷ ያችን ነገር የወረወረቻት።

«እናንተ ልጁን አጠመቃችሁ፣ እኛን አስጠማችሁን።»

ሴቶቹ ሳቁ። ደስ ብሏቸው የሳቁት ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ሴቶች አስፋልቱን ይዘው ዞረው ወደ ሌላ ሰፈር ቦኖ መሄድ ጀመሩ። ወደ ጫንጮ የሚከንፈው የጭነት መኪና በጎናቸው እያለፈ፣ ልምምድ የሚሠሩት ሯጮች በሌላ ጎናቸው እያለፉ፣ እነሱ ጀሪካን አዝለው በመሃል። ቀበሌ ሄደው ጮኹ። ነባርም ሆናችሁ ተከራይ፣ የመሬቱ ወገን አይደላችሁም፣ መንገዱ ላይ መብት አለኝ ብሎ መክሰስ የሚችለው መሬቱን የለቀቀው ቤተሰብ ብቻ ነው ተባሉ።

የለቀቀው ቤተሰብ እህቴና ባሏ ናቸው። በዚህች ከተማ ሰውዬውን ፍርድ ቤት ማቆም የሚችል አንድ ቤት ቢኖር የእነሱ ነው። ሰውዬው ደግሞ አበልጃቸው ነው። አበልጅ አይካሰስም።

አሁን ይገባችኋል? ሙክቱም፣ ጥልፉም፣ እስክስታውም።

ባሏን አገኘሁትና፣ «አሰርከው?» አልኩት። ጫማውን ነበር የሚያየው።

ንባብ የጠናልኝ በዚሁ ጊዜ ነው። አስተማሪያችን የፈለጋችሁትን አንብቡ ስትለን እኔ ወንጌል ያዝኩ፤ ያቃጠለኝ የክርስትናው ነገር ስለነበር የጥምቀቱን ቦታ ፈለግሁ። ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድኩ አገኘሁት። ሕዝቡ ሊጠመቅ ወንዝ ወርዶ መጥምቁን ምን እናድርግ ይለዋል። እኔ ጹሙ፣ ስገዱ፣ ምንጣፍ አንጥፉ የሚል መስሎኝ ነበር። የለም። ትርፍ ልብስ ያለህ ለሌለው ስጥ፣ ምግብም እንደዚያው። ለቀራጮቹ፣ ከታዘዛችሁት በላይ አትውሰዱ። ለወታደሮቹ፣ ሰው አትግፉ። ይኸው ነው! ዕድሜዬን በሙሉ እዚያ አጥር ሥር ቆሜ ሳስቀድስ ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ወይም በግዕዝ ተነግሮኝ እንደ ንፋስ አልፎኛል። መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። መታለሌ ተሰማኝ። ለካ ለመጠመቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ጎረቤቱን እንዴት እንደሚይዝ ነው።

በማግሥቱ አባን ከቅዳሴ ሲወጡ ያዝኳቸው።

«አባ፣ በእህቴ ልጅ ክርስትና ጊዜ ሰይጣንን የካደው ማነው?»

«ሕፃኑ ነዋ።»

«ሕፃኑማ ሲያለቅስ ነበር።»

«በእሱ ፈንታ የክርስትና አባቱ። ምነው፣ ምን ሆነሃል?»

«በሕፃኑ ፈንታ ከካደ፣ በራሱ ፈንታ መቼ ነው የሚክደው? ሕፃኑ እኮ ማንንም ውሃ አልከለከለም።»

አባ ወዲያ ወዲህ አዩ። «አንተ ሰው ፊደል ቆጥረህ ልታሳብደን ነው። ሰውዬው ለዚህ ደብር ስንት ነገር አድርጓል። የረገጥከው ምንጣፍ የማን ነው?»

«የሱ ነው፣ አባ። አንቱ ግን ክርስትና ያነሡበት ውሃ የማን ነበር?»

«እንሸመግላለን» አሉና ጥለውኝ ሄዱ። ክፉ ሰው አይደሉም። ፈሪ ናቸው። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

በመጨረሻ እህቴን የቀሰቀሳት የእኔ ንግግር አልነበረም። ልብስ አጣቢዋ ናት። ያለ ውሃ ልብስ አይታጠብም፤ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ራቋት፣ የቤት ኪራዩ ግን አልራቃትም። ሰበታ እህት አላት፤ ወደዚያ ልሄድ ነው ብላ ፍራሿን ስታስር እህቴ ደረሰችባት። ጎረቤትየዋ ቂም አልያዘችም፤ ልጁን ከእህቴ ጀርባ አውርዳ ታቅፋ፣ «የኔ ጌታ፣ አድገህ ሰበታ ድረስ መጥተህ ጠይቀኝ እሺ» አለችው። ያን ቀን እህቴ ቤቷ ገብታ ለባሏ፣ «ልከሰው ነው። አንተ ካልመጣህ ብቻዬን» አለችው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ግንቡን ዘለለ። ሰንበት ከሰዓት ሰውዬው አባንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትሎ መጣ። እኔም ነበርኩ፤ ጥግ ላይ አስቀመጡኝ፣ እንዳልናገርም አስጠነቀቁኝ።

«አበልጄ፣ ምን አጎደልኩብሽ?» አለ፤ ያ ቀስ ያለ ድምፁ። «በሩን ዘጋሁብሽ?»

«አልዘጉብኝም» አለች።

«ታዲያ?»

«ለኔ ብቻ ከፈቱልኝ።»

«ይሄ ያስከስሳል? ለዘመዴ ከፈትኩ። ለመንገደኛው ሁሉ መክፈት አለብኝ?»

«መንገደኛ የሚሏት ሴት ልጄ የተጠመቀበትን ውሃ ያመጣች ናት። እርስዎ ልጁን አቀፉ፣ እሷ ውሃውን አዘለች። የቱ ይከብዳል?»

አንደኛው ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ፤ የአማቷ ባልንጀራ የነበሩ፣ ሁላችንም ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። «ተይ ልጄ። አበልጅ አይካሰስም። አገር ይታዘበናል።»

«ኦቦ፣ ባዳ ቢሆኑ ትቼው ነበር» አለች። «ባዳ ነው፣ ምን ያድርግ ብዬ። የልጄ አባት ስለሆኑ ነው የምከሳቸው። እሱ አፍ ሳይኖረው በሱ አፍ ምለዋል። ነገ አድጎ ምን ብለው ማሉልኝ፣ ከዚያስ ምን አደረጉ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው? በሩን ለኔና ላንተ ብቻ ከፈቱልን ልበለው? ለሌላው ዘጉ ልበለው?»

ሰውዬው ወደ አባ ዞረ። ያንን ሁሉ ምንጣፍ ያነጠፈው ለዚች ደቂቃ ይመስለኛል። አባ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ እንደገና መለሱት፤ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አመሰግናቸዋለሁ ማለት ግን አይደለም።

«እኔ ለዚህ አገር የዋልኩት ውለታ!» ብሎ ተነሣ። የእህቴ ባል እስከ ደጅ ተከትሎ ሸኘው፤ ሲወጣ እንኳ ጫማው ላይ ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ እያሳየው። ተመልሶ ገባና ተቀመጠ። «አባቴ ያሉትን እናገራለሁ» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ወረዳ ፍርድ ቤት የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው። የአዲስ አበባው ጌታ አስተርጓሚ አጠገቡ አስቀምጦ አንገቱን አስግጎ ሲሰማ አየሁት። የእህቴ ባል የአባቱን ቃል እንዳለ ደገመው፤ ካራን ኩን ካን ኮ ሚቲ። ከዚያ ኦቦ ተጠሩ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው አየ፤ ሊያስታርቁ የመጡት እሳቸው ናቸው፣ ያኔ በትሩ ሲጋደም የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ተብሏል» አሉ። አንዲት ቃል። ቤታችን ውስጥ ልትባል ትችል ነበር፤ ግን እንኳን ተባለች።

መንገዱ ይከፈት ተባለ። በሩን ከማጠፊያው የነቀልኩት እኔ ነኝ። በነፃ ሠርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ምሳ እንኳ አላማረኝም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እያንኳኩ ወረዱ። ዘበኛው ወንበሩን አንሥቶ፣ «እኔስ አሁን ምን ልጠብቅ?» ሲል፣ አንዷ፣ «ነፍስህን» አለችው።

ልብስ አጣቢዋ ግን አልነበረችም። ሰበታ ገብታ ነበር። በስልክ ስንነግራት እልል አለችና ኪራይዋን ስለከፈለች እንደማትመለስ ነገረችን። እዚያ ወንዙ ከፋብሪካዎቹ በታች ነው፤ ነጭ ልብስ የነከርሽ እንደሆን ሌላ ቀለም ይዞ ይወጣል ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በር ይነቀላል፤ የተፈናቀለች ሴት ግን እንደ በር አይደለችም፣ በቦታዋ መልሰህ አትገጥማትም።

ዛሬ ልጁ ይሮጣል። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ እህቴ ወደ ሰውዬው ትገፋዋለች። «ሂድ፣ የክርስትና አባትህን ሳም።» ልጁ ሄዶ ጉልበቱን ይስማል። ሰውዬው ራሱን ይዳስሰዋል፤ ከአንገቱ ቀና ብሎ ግን አያየንም። መጀመሪያ ጊዜ ስትልከው ልቤ በቁጣ ሊፈነዳ ነበር።

«ጭራሽ ልጁን ትልኪለታለሽ?»

«ጋሼ፣ ከሰስኩት እንጂ አልካድኩትም» አለችኝ። «አባቱ ነው። አባትነቱን እስኪሠራ እልክበታለሁ።»

እሷ እንዲህ ናት። እኔ ሌላ ነኝ። በዚያ ደጅ ሳልፈው ሰላም አልለውም፤ ሰዎች ቂመኛ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ሰበታ ይሂድ። ያችን ሴት ደጇ ላይ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃት፤ ጀሪካኗንም አንድ ጊዜ፣ አንድ ዳገት፣ በዚያ ነጭ ልብሱ ጀርባ ላይ ይዘልላት። የዚያን ዕለት እኔ ራሴ ቀድሜ ጤናውን እጠይቀዋለሁ።